ሠላሳ አንድ ዓመት የተደበቀ ጥርስ

ውድ አይሊፍ፣

ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ከሱቅ ማስታወቂያ በቀር ምንም አይገባም እያልክ ስታማርር ነው የኖርከው። ይኸው፣ ገባልህ። ብደውል ስልኩን እንደማታነሳ አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት ከክሊኒኬ ስትወጣ ኮፍያህን እስከ ቅንድብህ ጎትተህ ነበር፤ ያ ኮፍያ አንዴ ከወረደ ደግሞ አንተን የሚያናግር ሰው ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። እዚያ የጋራ መኖሪያችሁ ውስጥ ተንከባካቢያችሁ ዮሩን ተረኛ የሆነች ዕለት ደብዳቤውን ስጣትና ጮክ ብላ ታንብብልህ። ዮሩን፣ አደራሽን፣ ይከፋዋል ብለሽ አንዲት ቃል እንዳትዘዪ። ልትዘያት የምትፈልጊያት ቃል ካለች ዋናዋ እሷ ናት።

መጀመሪያ ጥያቄህን ልመልስ። በሩ ላይ ቆመህ፣ "ሶልቪ፣ ተቆጥተሻል?" አልከኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼህ እጄን እታጠብ ነበር። ታጥቤ ጨርሼ እንደገና መታጠብ ጀመርኩ። አንተም ትንሽ ጠብቀህ ሄድክ። አልተቆጣሁም፣ ወንድሜ። ባንተስ በፍጹም። አፌ ተያይዞ ነው፤ ለምን እንደተያያዘ ደግሞ ዛሬ ሳልጨርስ ከዚህ ወንበር አልነሳም።

ሐሙስ የሆነውን ልድገምልህ፤ አንተ ያየኸውና እኔ ያየሁት አንድ አልነበረምና። ወንበሩ ላይ ወጣህና እንደ ልማድህ፣ "ስንት የተበላ አለኝ?" አልክ።

"አንድም።"

"አንቺስ?"

"ሰባት።"

"ዶክተር ነሽ፣ ግን ጥርስሽን አትቦርሺም!" ብለህ በሳቅ ፈረስክ። ይህን ቀልድ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀልደኸዋል፤ ሁሌም ያስቅሃል፣ ሁሌም ያስቀኛል። እውነትም እንዳንተ ያለ ሰው፣ ዳውን ሲንድሮም ኖሮበት የተወለደ ሰው፣ ጥርሱ እንደኛ ቶሎ አይበላም። የእናንተ ጠላት ድድ ነው። ቀጭኗን መለኪያ ከድድህ ሥር ሳስገባ ወረደች፣ ወረደች፣ አልቆም አለች። አራቱ የታች የፊት ጥርሶችህ በጣቴ ስነካቸው ተወዛወዙ። ድሮም ሥሮቻቸው አጭር ናቸው፤ አሁን ደግሞ የያዛቸው አጥንት አልቋል። የልብ ሐኪምህ በሕፃንነትህ የተሰፋው ልብህ ከአፍ በሚነሳ መግል ሊመረዝ ይችላል ብሎ ጽፎልኛል። ስለዚህ መውጣት አለባቸው አልኩህ፣ በደንብ አደንዝዤህ፣ ቀስ አድርጌ።

አፍህን ገጠምክ። ከዚያ የጃኬትህን ኪስ ዳብሰህ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ አወጣህና የመሣሪያ ትሪዬ ላይ አስቀመጥካት።

"ያኔ ውሃ ውስጥ አላስገባሁትም፣ ሶልቪ" አልክ። "አታለልኩ። ደበቅሁት። ለዚህ ነው ያልመጣው። አሁን አስገባዋለሁ፣ እነዚህን ግን ተዪልኝ።"

ቆርቆሮዋን ከፈትኳት። አየሁ። ወዲያው ዘጋኋት። ከዚያም "ተጉመጥመጥ" አልኩህ። አቤት! ሠላሳ አንድ ዓመት በሆድህ ይዘኸው የኖርከውን ነገር ስትነግረኝ፣ እህትህ ተጉመጥመጥ አለችህ።

ውሃው፣ ብርጭቆው፣ ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። አንደኛ ክፍል ስትገባ መምህርታችሁ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ሰቅላ ነበር። ጥርሱ የወለቀለት ልጅ ሁሉ ከስሙ ፊት የወረቀት ጥርስ ይለጥፋል። የገና በዓል እንኳ ሳይደርስ አንዱ ሦስት፣ ሌላው አራት ለጠፈ። ካንተ ስም ፊት ባዶ። ዓመቱ አለቀ፣ ባዶ። በጥርስ ማብቀል ያንተ ሰውነት ችኮላ አያውቅም፤ ይህንንም ያኔ ማንም አልነገረንም። አንድ ቀን ግን ራስህ ስድስት የወረቀት ጥርስ ቆርጠህ በሙጫ ለጥፈህ ተገኘህ፣ አንዷን የፈረስ ጥርስ አሳክለህ። መምህርቷ እማዬን አስጠርታ ስትነግራት እማዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት በመሐረብ አፏን ሸፍና ወጣች። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አልሳቅሁም። አድጌ የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ ያልኩት ያን ዕለት ነው። ይህንንም አልነገርኩህም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላህ የመጀመሪያዋ ወለቀች። ቤቱ ሠርግ ሆነ። እማዬ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ቀድታ ከአልጋህ አጠገብ አስቀመጠችና፣ ጥርስህን እዚህ ክተተው፣ ጠዋት በምትኩ ሳንቲም ታገኛለህ አለችህ። የአገሩ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንተ ግን "የኔ ናት፣ አልሰጥም" ብለህ ጨበጥካት። ያንን ያህል ጠብቀሃት ለብርጭቆ ትስጣት? እማዬ ለምና ለምና ሲያቅታት ከራሷ አንድ ነገር ጨመረች፤ "አሮጌው ውሃ ውስጥ ካልገባ፣ አዲሱ መምጫው ይጠፋዋል" አለችህ። ያኔ እጅህን ከፈትክ። አይሊፍ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ማንም ቤት የለም። እማዬ እንድትተኛላት ብላ የፈጠረችው ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፣ ጎበዝ ውሸታም ነሽ ብዬም አድንቄያታለሁ።

ከዚያ ጥሩንባው መጣ። የማርሽ ባንዱ መሪ ቶርላይፍ ሌሎቹ በሁለት ዓመት የሚማሩትን አንተን በስምንት ዓመት አስተማረህ፣ አንድ ቀንም ድምፁን ከፍ አላደረገብህም። የላይኛው መንጋጋህ ጠባብ፣ ምላስህ ሰፊ፣ የፊት ጥርሶችህ የማይገጥሙ፤ በመጽሐፍ ቢሆን ጥሩንባ መንፋት አልነበረብህም። አንተ ግን የራስህን መላ አገኘህ። ከሁለቱ ትልልቅ ጥርሶችህ ግራና ቀኝ እነዚያ ሁለት ትንንሽ የወተት ጥርሶች ነበሩህ፣ ሾል ሾል ያሉ። የጥሩንባውን አፍ ወደ ቀኝ ገፋ አድርገህ ከንፈርህን በቀኟ ላይ ታሳርፈው ነበር። ቶርላይፍ ወደ መሃል ሊመልስህ ሁለት ክረምት ታገለና፣ "ተዉት፣ በጎን ይንፋ፣ ድምፁ መሃል ነው የሚደርሰው" አለ። ሦስት ማርሽ ቻልክ። ሜይ አሥራ ሰባት፣ የአገራችን በዓል፣ በመጣ ቁጥር ያንን ጥቁርና ቀይ ልብስ ለብሰህ በከተማው መሃል ስታልፍ እማዬ ቋሊማዋን በእጇ ይዛ መብላቷን ትረሳ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ላይ እኔ ተመርቄ መጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ነጭ ጋውኔ ገና ከነእጥፋቱ ነው፣ ዓለምን በእጄ የያዝኩ ይመስለኛል። አፍህን አይቼ፣ "እንዴ! በዚህ ዕድሜህ የወተት ጥርስ? እነዚህ ናቸው እኮ መንገድ የዘጉት" አልኩህ። "ላውጣቸው፣ ትልልቆቹ ይመጣሉ፤ ከዚያ እንደ ቶርላይፍ ቀጥ አድርገህ ትነፋለህ።"

"ያምማል?"

"እኔ እያለሁ?"

"ደህና ናቸው ግን" አልክ። "ይቺ የኔ ናት።" በጣትህ የቀኟን ነካህ።

ራጅ ላነሳህ ሞከርኩ። ፊልሙን አፍህ ውስጥ ሳስገባ አቅለሸለሸህ፤ ደግሜ ሞከርኩ፣ ቁርስህን ልትመልስ ሆነ። ያን ጊዜ በሌላ ቀን ና ማለት ነበረብኝ። ከአፍ ውጭ የሚያነሳው ትልቁ ማሽን በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ይዤህ መሄድ ነበረብኝ። "ተወው፣ እኔ አውቀዋለሁ" አልኩ። አላውቀውም ነበር። ጥፋቱ ደግሞ አለማንበብ አይደለም። አንድ ክሮሞዞም ተርፎት የተወለደ ሰው ከጥርሶቹ አንዳንዶቹ ጭራሹን ሳይፈጠሩ እንደሚቀሩ፣ በተለይ እነዚያው የጎኖቹ እንደሚጎድሉ፣ የወተቱ ጥርስ ከቆየለትም ሥሩን በራጅ ሳታይ እንዳትነካው የሚለውን በርገን ዩኒቨርሲቲ ተፈትኜበታለሁ። ሙሉ ነጥብ ነው ያገኘሁት። ወረቀት ላይ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ወንድሜ ስለሆነ ግን መጽሐፍ አላስፈለገኝም።

የግራዋን አወጣሁ። ከዚያ የቀኟን አወጣሁ። እዚህ መሃል አንዲት ነገር ዘልያለሁ፣ ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሳልጨርስ እመለስባታለሁ። ሁለቱን በፋሻ ጠቅልዬ ሰጠሁህ። ማታ እማዬ ብርጭቆውን አመጣች፤ ጠዋት አንድ የአሥር ክሮነር ሳንቲም ነበር። ለምን ሁለት እንዳልሆነ ማንም አልጠየቀም።

ከትንሣኤ በኋላ ባንዱ ልምምድ ጀመረ። እኔ የመጣሁት ላጨበጭብልህ ነበር። ጥሩንባውን ወደ ቀኝ ገፋ አድርገህ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ነፋህ። ነፋስ ብቻ ወጣ። ከንፈርህ ወደ ክፍተቱ ገባ፣ ምራቅህ ወረደ። እንደገና ነፋህ። ልጆቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

"አይሊፍ፣ ትንሽ አረፍ በል" አለህ ቶርላይፍ።

"ጥርሱ መንገድ ላይ ነው" አልከው። "ሶልቪ ብላለች።"

ቶርላይፍ ወደ እኔ ዞረ። "መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ከበጋ በፊት" አልኩ። ዓይኔን አላሸሸሁም።

በዚያ ዓመት ሜይ አሥራ ሰባት ሰንደቁን ተሸከምክ። ሁሉም ሰው፣ እንዴት ያለ ኩሩ ሰንደቅ ያዥ ነው አለ። ከዚያም ዓመት በዓመት ሆነ፣ አሁን የባንዱ ሰንደቅ ያለ አይሊፍ አይታሰብም። እኔም በዚህ ስጽናና ኖሬአለሁ፤ ይኸው ደስተኛ ነው፣ ምን ጎደለው እያልኩ። ግን እናታችን ቤት ኮሪደሩ ላይ ባለው መስተዋት ፊት ጠዋት ጠዋት ቆመህ ከንፈርህን በጣትህ እያነሳህ ድድህን ስታይ አይቼሃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ስንት ጊዜ! "አሁንም የለም" ትለኝ ነበር። "ገና ነው" እልህ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት መስተዋቱን ሳታይ አለፍክ። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።

በዚያው ሰሞን ትልቁ ማሽን ለክሊኒካችን መጣና ራጅ አነሳሁህ። ከድድህ ሥር ምንም የለም። ግራም ቀኝም ባዶ አጥንት። ፊልሙን መሳቢያዬ ውስጥ ከታች ከተትኩት። በዚያ እሑድ እማዬ ቤት ዋፍል እየበላን ሳለ እማዬ ቀስ ብላ፣ "ሶልቪ፣ ከማውጣትሽ በፊት ራጅ አንስተሽው ነበር አይደል?" አለች። አንተ ቡናማ አይብህን እየቆረጥክ ነበር። "አዎ፣ ተፈጥሮው ነው፣ እንዲህ ያጋጥማል" አልኳት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች፣ አመነችኝ። አምናኝ ነው የሞተችው። አንተም ሰማህ፤ ግን አንተ የሰማኸው ሌላ ነገር ነው። እናቴም እህቴም አላጠፉም፣ እንግዲህ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብለህ ነው ቆርቆሮህን የዘጋህበት። ይህንን ሐሙስ ዕለት ነው የገባኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላሉ፤ እኔ አፍሬ ዝም ስል አንተ ዕዳዬን ተሸክመህ ሃምሳ ዓመት ሞላህ።

አሁን ወደዘለልኳት ነገር።

ልጅ ሳለህ በራሳቸው የወለቁትን ጥርሶችህን አስታውስ፤ ከላይ ጥርስ ናቸው፣ ከታች ምንም የላቸውም፣ እንደ ቆብ ናቸው። ምክንያቱም ከሥር የሚመጣው ትልቅ ጥርስ የትንሹን ሥር ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሥሩ ሲያልቅ ትንሹ ይወድቃል። ስለዚህ የወተት ጥርስ ሥሩ ሙሉ ሆኖ ከወጣ፣ የሚበላው አልነበረም ማለት ነው። የሚመጣ የለም ማለት ነው። ይህን የጥርስ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል።

የግራዋ ስትወጣ ታገለችኝ። የወተት ጥርስ እንደዚያ አይታገልም። ጉጠቱን ሳነሳ ከጫፉ ላይ ረጅም፣ ሙሉ፣ ጤነኛ ሥር ያላት ጥርስ ተንጠልጥላለች። ያኔ አወቅሁ፣ አይሊፍ። በሁለተኛው ዓመት በራጁ አይደለም ያወቅሁት፤ በዚያች ደቂቃ ነው። የቀኟ ገና አፍህ ውስጥ ነበረች። አንተ "ይቺ የኔ ናት" ያልካት። ረዳቴ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች፣ እማዬ ውጭ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እዚያ ላይ ብቆም፣ ለምን ቆምሽ ይሉኛል። ጉጠቱን ጠረግሁና፣ "አንድ ቀረች፣ ጎበዝ" አልኩህ። አንተም አፍህን ከፈትክልኝ።

ቆርቆሮህ ውስጥ ያለችው የቀኟ ናት። ሐሙስ ስከፍታት ሥሯ እንዳለ ነው፣ አንዲት ነገር አልጎደለችም። ያንን ሁሉ ዘመን አጥፍቻለሁ ብለህ የደበቅካት ጥርስ፣ እኔ ማጥፋቴን የምትናገረዋ ናት። ባላወጣት ኖሮ ዛሬም ድረስ ትነፋባት ነበር ማለት እችላለሁ፤ እንዲህ ያለች ጥርስ እስከ እርጅና ስታገለግል በዓይኔ አይቻለሁ።

ውሃ ውስጥ አላስገባኋትም። ብርጭቆው ምንም አላጠፋም፣ አንተም ምንም አላጠፋህም። በዚያች ማታ ሁለቱንም ብታስገባ፣ መቶ ብታስገባ፣ የሚመጣ ጥርስ አልነበረም። ከመወለድህ በፊት ያልተፈጠረ ነገር መንገድ አይጠፋውም።

የታቾቹ አራት ግን መውጣታቸው አይቀርም፤ በዚህ ላይ አልዋሽህም፣ ልብህን እፈልገዋለሁ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ወደ ቤትህ እመጣለሁ፣ ጋውን አልለብስም። ያንን አሮጌ ራጅና ባለፈው ሐሙስ የተነሳኸውን ይዤ እመጣለሁ፣ መስኮቱ ላይ ለጥፈን አብረን እናያለን፤ የቱ ጥርስ ለምን እንደሚወጣ በጣትህ እስክታሳየኝ ድረስ አልነሳም። ጉጠቱን ማን ይያዝ የሚለውን አንተ ትወስናለህ። ሲግሪ የምትባል ባልደረባዬ አለች፣ እጇ ከኔ ይለሰልሳል፣ ለማንም የማትቸኩል ሴት ናት። እሷን ካልክ እኔ ከእግርህ ሥር ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ሂጂ ውጪ ካልክም ውጪ እጠብቃለሁ። የሚወጡትም ያንተ ናቸው፣ የትም ብታስቀምጣቸው ማንም አይጠይቅህም።

ለቶርላይፍ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጆሮው ከብዷል፤ ሁሉንም ሁለት ጊዜ አስባለኝ፣ የሚገባኝን ነው ያደረገው። ከዚያ፣ "ለእሱስ ነገርሽው?" አለኝ። ቅዳሜ እማዬ መቃብር ሄጄ ለእሷም ተናግሬአለሁ፣ በዝናብ ውስጥ፣ እንደ እብድ ጮክ ብዬ። ባንተ መጀመር ሲገባኝ መጨረሻ አድርጌሃለሁ፤ ይህንንም ጨምርልኝ።

ጥርስህ ከነቆርቆሮዋ ጠረጴዛዬ ላይ አጠገቤ ናት። ሰኞ አመጣልሃለሁ። በሩን ባትከፍት ፖስታ ሳጥንህ ውስጥ አስቀምጫት እሄዳለሁ፣ ማክሰኞም እመለሳለሁ፣ ረቡዕም።

አንተ ጠይቀኸኝ መልሻለሁ። አሁን ተራው የኔ ነው፤ እንደኔ ጀርባህን አትስጠኝ እንጂ የፈለግከውን በለኝ።

አይሊፍ፣ ተቆጥተሃል?

እህትህ ሶልቪ